የተሰበሰቡ አንደኞች

ውድ አዲስ ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

እንደ ደንቡ ስለ ግቢው ሕግ ማውራት ነበረብኝ። እሱን በተሰጣችሁ መመሪያ ላይ ታነቡታላችሁ። ውነቱን ለመናገር አታነቡትም፤ እኔም በጊዜዬ አላነበብኩትም።

ከአንድ እስከ አምስት ትወጡ የነበራችሁ እጃችሁን አውጡ ብል አዳራሹ ደን ይመስላል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ይሄን ሁሉ አንደኛ አንድ ክፍል እናስገባና እንፈትነዋለን። የግድ አንዱ ሠላሳኛ ይሆናል። ሠላሳኛ የወጣው ልጅ ባለፈው ዓመት የትምህርት ቤቱ ቀለሜዋ ነበር። ዛሬም ያው ልጅ ነው። እሱ ግን እንደዚያ አይመስለውም።

እኔም እንደዚያ አልመሰለኝም ነበር። የመጀመሪያው ሴሚስተር የካልኩለስ ሚድ ሲመለስ 41 ከ100 ነበር ያገኘሁት። በቀይ እስክሪብቶ፣ ትልቅ ተደርጎ ተጽፏል። ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፌ ፍራሼ ሥር ከተትኳት። የዶርሜ ልጅ "እንዴት ነበር?" አለኝ። "ምንም አይል" አልኩት። "የኔም ምንም አይል" አለኝ። ሴሚስተሩ አልቆ ዶርም ስናስረክብ እሱ ፍራሹን አነሳ። አንዲት የታጠፈች ወረቀት ወደቀች። 38። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ሜትር ተራርቀን እየተኛን ተደባብቀናል። ያን ቀን ሳቅን። ኋላ ግን ኮርሱን እሱ ደገመው፤ ያኔ አልሳቅንም።

ፈተና መውደቅ ያለ ነው። የጎዳን መደበቃችን ነው።

ግሪጎሪ ዋልተንና ጄፍሪ ኮኸን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት አለ። አሜሪካ ውስጥ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ሰብስበው፣ ነባሮቹ "መጀመሪያ ላይ እኛም ይሄ ቦታ የኛ አይደለም ብለን ነበር፣ በኋላ ለቀቀን" ያሉትን አስነበቧቸው። ከዚያ ልጆቹ የራሳቸውን እንዲጽፉ አደረጉ። ሥራው በጠቅላላ አንድ ሰዓት ያህል ነው። በዚያ ሰበብ የጥቁር ተማሪዎቹ ውጤት ለሦስት ዓመት ያህል እየተሻሻለ ሄደ። ማንም አላስጠናቸውም። የሰሙት ነገር "አንተ ብቻ አይደለህም" የሚል ነው። እኔና የዶርሜ ልጅ ይሄን በነጻ ልንባባለው እንችል ነበር።

አሁን ወደ ፕሮግራማችሁ። ስታዩት ባዶ ባዶ ይመስላል። ሰኞ ሁለት ክላስ፣ ረቡዕ አንድ። አትሸወዱ። በብዙ ቦታ አንድ ክሬዲት ሲባል በሳምንት የአንድ ሰዓት ክላስና ሁለት ሰዓት የራስ ጥናት ማለት ነው። 15 ክሬዲት ከያዛችሁ 45 ሰዓት ሆነ። ሙሉ ቀን የሚሠራ ሰው ሥራ ነው። ልዩነቱ፣ 30ውን ሰዓት የሚቆጣጠር አለቃ የለም።

በነዚያ ሰዓታት ምን ይሠራል? እኔ ኖቴን ሦስት ጊዜ አንብቤ፣ ግማሹን አቅልሜ ገባኝ እል ነበር። የገባኝ የመሰለኝ አይኔ ስለለመደው ነው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ይህንኑ ለክተውታል። ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት፣ ጽሑፉን ዘግተው የሚያስታውሱትን ሲጽፉ የነበሩት ናቸው። ስለዚህ ደብተሩን ዝጉት። ባዶ ወረቀት አውጡ። ያማል፤ ትንሽ ያሳፍራልም። ሌሊቱን ሲቸክሉ ከማደር ግን ይሻላል። ስለ እንቅልፍ አልሰብክም፣ ቤተሰብ ነግሯችኋል።

ጓደኛ ያላገኘ ደግሞ አይደንግጥ። ጄፍሪ ሆል የተባለ ተመራማሪ አዲስ ተማሪዎችንም ጨምሮ አጥንቶ፣ ለመቀራረብ 50 ሰዓት ያህል፣ የልብ ወዳጅ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ እንደሚጠይቅ ገምቷል። እናንተ ገና ሦስተኛ ቀናችሁ ነው። ስልክ ላይ ተደፍቶ ያለፈ ሰዓት ግን እዚያ ውስጥ የሚቆጠር አይመስለኝም።

ወደ 41ዷ ልመለስ። የመምህሬን በር ለማንኳኳት ሦስት ጊዜ ደረጃውን ወጥቻለሁ። ሁለቱን ከበሩ ተመልሻለሁ። በሦስተኛው እጄን እንዳነሳሁ እሱ ሊወጣ ከፈተው። "ልትገባ ነው ወይስ በሩን እየለካህ ነው?" አለኝ። ወረቀቷን ዘረጋሁለት። እጥፋቷ አልቃና ብሎ በመዳፉ ደፈጠጣት። ትንሽ አየና "ካልኩለሱን ችለሃል፤ ያስቸገረህ ክፍልፋይ ነው" አለኝ። ክፍልፋይ! ስንት ዓመት አልፌው የመጣሁት ነገር። ሃያ ደቂቃ አብረን ሠራን። ፋይናሉን በሰላም አለፍኩ። ለዶርሜ ልጅ ግን ያን ሃያ ደቂቃ አልነገርኩትም፤ ስለ 41ዷ ማውራት ይመጣላ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ቢሮዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው በስተግራ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ከ8 እስከ 10 አለሁ። የታጠፈ ወረቀት ያለው ይዞ ይምጣ፤ የዶርሙን ልጅ ይዞ ቢመጣም ወንበር አለ።

አመሰግናለሁ።