ሞተሩን ያቆመው ሰው

ጤና ይስጥልኝ፤ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለዚያች መርከብ ላወራ ነው። አዎ፣ ስለ ፑዌብሎ፤ ሰሜን ኮሪያ ስለማረከቻት የአሜሪካ የስለላ መርከብ። ባለፈው "በቃ ጨረስኩ" ብያችሁ ነበር። ግን እሁድ አባዬ ቤት አንድ ነገር ተናግሬ መጣሁ። ከዚያ ወዲህ ውስጤ አላረፈም።

ምሳ በልተን ቡና እየጠበቅን ነበር። አባዬ እዚያው የምታውቁት ወንበሩ ላይ፣ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። እኔ ስለዚያ ቀን እያወራሁለት ነው። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 23 ቀን 1968። የሰሜን ኮሪያ ወደብ፣ ዎንሳን ፊት ለፊት። አሜሪካኖቹ ከ12 ማይል ውጭ ነበርን ይላሉ፤ ሰሜን ኮሪያ ደግሞ ክልሌ ገብታችኋል አለች። የጦር ጀልባዎች ከበዋታል፣ ሚግ የሚባሉት የጦር አውሮፕላኖች ከላይ ይዞራሉ። አዛዡ ሎይድ ቡከር ወደ ውጭ ሊያመልጥ ሞከረ፤ ተኮሱበት፣ እሱም ቆሰለ። ተከተሉን አሏቸው። ቀስ እያለ ተከተለ። ውስጥ ልጆቹ የምስጢር ወረቀት ያቃጥላሉ፣ ይቀዳድዳሉ፣ ባሕር ውስጥ ይጥላሉ። አያልቅም። ቡከር ትንሽ ጊዜ ላግኝ ብሎ መርከቧን እንደገና አቆማት። እንደገና ተኮሱ። አንድ ልጅ ሞተ።

ይሄኔ ነው የተናገርኩት። "እኔ ብሆን አላቆምም ነበር" አልኩ።

አባዬ ቆየት ብሎ "ሞተሩን ማን ነው ያቆመው?" አለኝ።

"አዛዡ ነዋ" አልኩት።

"አዛዡማ ያዛል። ያቆመውን ነው የጠየቅኩህ።"

ተነስቶ ጓሮ ወጣ። ቡናው ቀርቦም አልተመለሰም።

ቆይ፣ ስለ መርከቧ ትንሽ ልበል፤ አለበለዚያ ለምን እንደምብሰለሰል አይገባችሁም። ይቺ መርከብ ለጦርነት ፍልሚያ የተሠራች አይደለችም። በ1944 ዊስኮንሲን ውስጥ፣ ኪዋኒ በምትባል ከተማ፣ ሚሺጋን ሐይቅ ዳር ነው የተሠራችው። ጣና ዳር መርከብ ሠርቶ ቀይ ባሕር እንደመላክ አስቡት። ስም እንኳ አልነበራትም። ኤፍ ፒ 344 ነው የምትባለው፤ ጭነትና ሰው የምታመላልስ የምድር ጦሩ መርከብ ማለት ነው። ርዝመቷ 54 ሜትር ገደማ። የምድር ጦር የራሱ መርከቦች እንዳሉት ስሰማ እኔም ገርሞኝ ነበር። ግን ጦር ያለ ስንቅ የት ይደርሳል? እንዲህ ያሉት ትንንሾቹ ናቸው ትልልቆቹ የማይገቡበት ወደብ ገብተው ዕቃ የሚያራግፉት። እሷ ራሷ መርከበኛ ማሰልጠኛ ሆና አገለገለች። በ1954 ከሥራ ወጣች። አሥራ ሁለት ዓመት ቆማ፣ በ1966 ባሕር ኃይሉ ወሰዳትና ፑዌብሎ አላት። ያኔም በጭነት መርከብነት ነበር የመዘገቧት። ከዚያ የማዳመጫ መሣሪያ ጫኑባትና ለስለላ ላኳት።

ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ፍጥነቷ 13 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አይሞላም። የከበቧት ጀልባዎች ከእጥፍ በላይ ይሮጣሉ። መትረየሶቿ ሁለት፣ ሸራ ለብሰው፣ ሸራውም በበረዶ ደርቆ። እኔ ደግሞ ሶፋ ላይ ተቀምጬ በሙሉ ሞተር እሄድ ነበር እላለሁ። ወዴት?

አባዬ የእኛው ባሕር ኃይል የሞተር ክፍል ሰው ነበር። እናንተ ታውቃላችሁ፣ እሱ ግን አያወራም። ምጽዋ በ1982 በኛ አቆጣጠር ከእጃችን ስትወጣ እሱ አሰብ ነበር። ግንቦት 1983 መርከቦቹ ወደ የመን ሲሸሹ አንደኛዋ ላይ ነበር። ስለዚያ ጉዞ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረኝ። "እታች ሆነህ ምንም አታይም" አለኝ። "ሂድ ሲሉህ ትሄዳለህ፣ ቁም ሲሉህ ታቆማለህ። ውጭ ምን እንዳለ በድምፁ ነው የምታውቀው።" በመጨረሻ ሞተሯን ያጠፋው እሱ ነው። የመን ላይ። ከዚያ በኋላ አላያትም።

እሁድ ይሄ ሁሉ አልመጣልኝም። እኔ ስለ አዛዡ ነበር የማወራው። ሁሉም ስለ አዛዡ ነው የሚያወራው። ቡከርን ደብድበውታል፤ ልጆችህን አንድ በአንድ ፊትህ እንገድላለን ሲሉት የእምነት ቃል ፈረመ። ከ83ቱ መርከበኞች 82ቱ ከ11 ወር በኋላ ከእስር ወጡ። አገሩ ሲገባ ደግሞ መርማሪዎቹ በጦር ፍርድ ቤት ይቅረብ አሉ። የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር ጆን ቻፊ ናቸው በቃ፣ የደረሰባቸው ይበቃቸዋል ያሉት። እኔ ይሄን አንብቤ ለቡከር አዝኜ ነበር እኮ! ታዲያ አባዬ ፊት ያ ቃል ከየት መጣ?

መርከቧ ዛሬም ፒዮንግያንግ ናት፤ ወንዝ ላይ አስረው ሙዚየም አድርገዋታል። አሜሪካም ከባሕር ኃይል መዝገቧ አልሰረዘቻትም። አባዬን ይሄን ብነግረው ደስ የሚለው ይመስለኝ ነበር። የሱ እንኳ... ተዉት።

አንድ ያልነገርኩት ነገር አለ። ያ የሞተው ልጅ፣ ዱዌን ሆጅስ፣ ማዕረጉ ፋየርማን ነው። የሞተር ክፍል ልጆች ማዕረግ ነው። እንዲጠፋ የታዘዘ ወረቀት ሊያስወግድ ሲል ነው ጥይቱ ያገኘው። እሁድም አውቀው ነበር። "አንድ ልጅ" ብዬ አለፍኩት።

ነገ ልሄድ ነው። ልንገረው እንዴ? መንገር ያለብኝ ይመስለኛል። ወይም ያን የመናገሬን ነገር መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅ። ግን ይቅርታ ብለው "ምን አድርገህ?" ነው የሚለኝ፣ አውቀዋለሁ። ቡናው እስኪቀርብ ልጠብቅ ይሆን... እሱ ራሱ ካነሳው ጥሩ። ካላነሳው ግን...