የደሴ ጉምና የእህቴ ኩላሊት

እንደምን አደራችሁ! አሰላሙ አለይኩም!

ከሸዋ በር፣ ከሆጤ፣ ከሮቢት የመጣችሁ፣ ሐረጎን በጉም ሽቅብ ወጥታችሁ ከኮምቦልቻ የደረሳችሁ፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። የኮምቦልቻ ሰዎች ጃኬት ደርባችሁ ስትገቡ አይቻለሁ። ደግ አድርጋችኋል። መንገዱ አጭር ቢሆንም ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው የወጣችሁት። ደሴ ደግሞ ሰኔ ከገባ ለእንግዳ አታዳላም።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተደርጎልኛል። አገራችን ውስጥ ይህ ሕክምና የተጀመረው እዚያው፣ በ2008 ዓ.ም. መስከረም ነው። ከዚያ በፊት ገንዘብ ያገኘ ውጭ አገር ይሄድ ነበር፤ ያላገኘውን ታውቁታላችሁ። ኩላሊቱን የሰጠችኝ ታላቅ እህቴ ናት። እዚህ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ተነሺ አልላትም፤ ትቆጣኛለች።

የዚህ የኩላሊት ሕሙማንና የቤተሰቦቻቸው ስብሰባ አዘጋጆች "ከንቅለ ተከላው በኋላ ስላለው ኑሮህ ተናገር" ሲሉኝ ደስ የሚለውን ብቻ ላወራ አስቤ ነበር። ደስ የሚለውማ ብዙ ነው። ዲያሊሲስ ላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት ደም የሚያጣራው ማሽን ላይ። ውሃ እንኳ በልክ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ሽንት የሚባለውን ነገር ረስቼው ነበር። ከቀዶ ጥገናው ስነቃ ነርሷ የሽንት ከረጢቱን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። እመኑኝ፣ እንደዚያ ያማረ ነገር ከዚያ ወዲህ አላየሁም። በየሰዓቱ እየለካች ትጽፋለች፤ እኔ ደግሞ ውጤቱን እንደሚጠብቅ ተማሪ "ስንት ደረሰ?" እላለሁ።

ግን ሰኔ እያለቀ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ክረምት ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ሠርግ ነበር። ቤቱ ጠያቂ አይለየውም። ነገሩ የመጣው በሁለተኛው ዓመት ነው። አስተማሪ በክረምት ቤት ነው። ተማሪ የለም፣ ጫጫታ የለም። ሐምሌ ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ይወርድና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መስኮቴ ላይ ይለጠፋል። ፊት ለፊት ያለው የጎረቤት በር አይታይም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሬዲዮ አያሰማም። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ብርዱ ነው ብዬ ነበር። እያደር ግን ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። አሥር ሰዓት ሙሉ ተኝቼ ደክሞኝ እነሳለሁ። ዳቦ እበላለሁ፤ ደግሞ ዳቦ እበላለሁ። በር ሲንኳኳ "ማን መጣብኝ" እላለሁ፤ ወሎዬ ሆኜ!

ሰው ሲጠይቀኝ መልሴ "ደህና ነኝ፣ ተመስገን" ነው። ምን ልበል? እህቴ ከሆዷ አውጥታ ሰጥታኝ፣ ዕድሩ አዋጥቶልኝ፣ ተማሪዎቼ ሳንቲም ለቅመውልኝ፣ በምን አፌ "ደበረኝ" ልበል? አንድ ቀን ለአንድ ወዳጄ ጫፉን ብነግረው "አንተ እኮ ከሞት የተነሳህ ሰው ነህ፣ ተመስገን በል እንጂ!" አለኝ። ክፋት ኖሮት አይደለም። እኔም ዝም አልኩ።

መድኃኒቴን የምወስደው በ12 ሰዓት ልዩነት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት። ስልኬ ይጮሃል። ልጄ "የአክስቴ ደወል" ትለዋለች። የዚያን ነሐሴ ማታ ማታ ደወሉ ሲጮህ አጠፋውና "ቆይቼ እውጠዋለሁ" እላለሁ። ስልኩ ትራሴ ሥር ነው፣ ክኒኑ ጠረጴዛው ላይ። መሃሉ አራት እርምጃ ነው። እሱን መራመድ አቃተኝ። በአሥር ቀን ውስጥ አምስት ማታ ዘለልኩ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሰውነታችን የተተከለውን ኩላሊት መቼም ቢሆን እንደ ባዳ ነው የሚያየው፤ የእህትም ቢሆን። ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌት፣ ፕሬድኒሶሎን የምንውጠው የሰውነታችን ዘበኛ እንዳይነሳበት ነው። መድኃኒቱ ከደም ውስጥ ሲጎድል ዘበኛው ይነቃል። የኔም ነቃ። ክሪያቲኒኔ፣ ማለትም ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ፣ ከ1.2 ወደ 1.9 ወጣ። ምንም አላመመኝም። የሚያስፈራውም እሱ ነው።

አዲስ አበባ ተኛሁ። ከኩላሊቱ ናሙና ወሰዱ፣ ኃይለኛ የስቴሮይድ መድኃኒት በደም ሥሬ ሰጡኝ። ሐኪሙ "መድኃኒት ዘለሃል?" ሲለኝ "ረስቼ ነው" አልኩት። ማታ ተረኛዋ ሲስተር ግፊቴን ልትለካ መጣች። ፓምፑን እየነፋች፣ ፊቴን ሳታይ፣ "ረስተህ ነው ወይስ ሰልችቶህ?" አለችኝ። አለቀስኩ። ጢሜ የሸበተ ሰውዬ ተንሰቀሰቅኩ። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ብዙም አልተናገረችም። በማግስቱ ለሐኪሙ እውነቱን ነገርኩት።

ኩላሊቱ ተረፈ። ክሪያቲኒኑ 1.4 ላይ ቆመ፤ እስካሁን እዚያው ነው።

የሚገርመኝን ልንገራችሁ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት በጦርነቱ ከተማዋን ለቀን ስንወጣ መጀመሪያ ያነሳሁት የመድኃኒቱን ፌስታል ነው። በዚያ ሁሉ ስደት አንድም ማታ አልዘለልኩም። የዘለልኩት በሰላሙ ጊዜ፣ ቤቴ፣ ጋቢዬ ውስጥ ሆኜ ነው። ድባቴ እንዲህ ያለ ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ ማንበብ ጀመርኩ። ኖርማን ሮዘንታል የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1984 እ.ኤ.አ. "የወቅት ድባቴ" ብሎ የሰየመው ሕመም አለ። በፈረንጆቹ ክረምት ፀሐይ ስታጥር የሚመጣ ነው። እንቅልፍ ያበዛል፣ ዳቦና ጣፋጭ ያስመኛል፣ ከሰው ያርቃል። "ይኼማ እኔ ነኝ!" አልኩ። ቀጥሎ ግን ጂኦግራፊው አላስቀምጥ አለኝ። የስዊድኗ ስቶክሆልም ታኅሣሥ ላይ ቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ነው። ደሴ ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። እንዲያውም ረጅሙ ቀናችን ሰኔ ላይ ነው፤ ክረምቱ ሲገባ! ስለዚህ የኔ ልክ የእነሱ ዓይነት ነው ብዬ አልምልም። ሐኪሜም አላለም። እሱ ያየው ጉሙን፣ ቤት መዋሌን፣ ሥራ መፍታቴን፣ ደግሞም ፕሬድኒሶሎኑን ነው። ይህ መድኃኒት እንቅልፍንና ስሜትን ሊያዛባ ይችላል። "የባሕሪዬ ችግር ነው" ብላችሁ አትደብቁት፤ ለሐኪም ንገሩ።

ከፈረንጆቹ አንድ ነገር ግን ወሰድኩ። እነሱ ጠዋት ጠዋት 10,000 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው) ከሚያበራ መብራት ፊት ግማሽ ሰዓት ይቀመጣሉ። የኛ ሳሎን አምፖል ጥቂት መቶ ቢሰጥ ነው። ውጭ ግን ሰማዩ ደፍኖም ቢሆን ብዙ ሺህ ይሆናል። ስለዚህ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጃንጥላዬን ይዤ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ወደ ፒያሳ እወጣለሁ። ጉም ቢሆንም እወጣለሁ። ስመለስ ክኒኔ ይደርሳል። እናንተም ካልዘነበ በረንዳ ላይ ቁሙ።

"እኛ እኮ ፀሐይ ክልክል ነው ተብለናል" የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ። መድኃኒቶቻችን የቆዳ ካንሰርን ዕድል ይጨምራሉ። ግን ይህን ድባቴ የሚያቃልለው ብርሃን የሚገባው በዓይን ነው፤ ቆዳችንን ማቃጠል አያስፈልግም። ባርኔጣ አድርጉ፣ ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ ውጡ።

አሁን ደግሞ የማስፈራራበት ቦታ ላይ ደርሻለሁ። ውጭ አገር ያለ ዘመዴ "ለድብርት ፍቱን ነው፣ ተፈጥሯዊ ነው" ብሎ አንድ ብልቃጥ ላከልኝ። ሴንት ጆንስ ወርት ይባላል፤ እንደ አደይ ቢጫ አበባ ነው። ስሙም የቅዱስ ዮሐንስ ነው። እንቁጣጣሽን አስታወሰኝና ወደድኩት። እንደ ዕድል ሆኖ ከመዋጤ በፊት ለሐኪሜ ደወልኩ። ጮኸብኝ። ያ ቅጠል ጉበታችን ታክሮሊመስን ቶሎ አቃጥሎ እንዲያስወግደው ያደርጋል። ክኒናችሁን በሰዓቱ እየዋጣችሁ እንዳልዋጣችሁ ትሆናላችሁ። ከገበያ የተገዛም፣ ከጓሮ የተቀነጠሰም፣ ከአሜሪካ የመጣም ቢሆን፣ ሳትጠይቁ አትቅመሱ።

በደንብ የታወቀው የድባቴ ሕክምና ለኛ ክልክል አይደለም። የሚዋጠውን ሐኪሙ ከሌሎቹ መድኃኒቶቻችን ጋር አስማምቶ ይመርጣል። ንግግሩም ራሱን የቻለ ሕክምና ነው። እዚሁ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። በሩን ስገባ ተማሪዬ እንዳያየኝ አንገቴን ደፍቼ ነበር። የተማሪዬ አባት ወረፋ ላይ ቁጭ ብለዋል። ተሳሳቅን። መሞት የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣባችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ለቅርብ ሰው ንገሩና ሂዱ።

ስለ ለጋሾች አንድ ነገር ልበል፤ እህቴ ብትቆጣም። ገበያ ስትወጣ ሰው ሁሉ "ወንድምሽ እንዴት ነው?" ይላታል። "አንቺስ?" የሚል የለም። አንድ ቀን በሚኒባስ ከኮምቦልቻ ስንመጣ ሐረጎ ላይ ጉሙ መንገዱን ዘጋና ቆምን። ዝም ብለን ተቀምጠን ሳለ "ያን ክረምት እኔም ጨልሞብኝ ነበር" አለችኝ። ጠባሳዋ ሲያሳክካት፣ ሰው "በአንድ ኩላሊት ከባድ አታንሺ" እያለ ከሥራ ሲያርቃት፣ እኔ ደግሞ ያንን ስጦታ በየማታው ስዘለው። የኔን መዝለል ያወቀችው ከሌላ ሰው ነው። ይቅርታ የጠየቅኳት እዚያ ጉም ውስጥ ነው። ለጋሾቻችንን በዓመት በዓመቱ ለምርመራ ውሰዷቸው፤ የቀረው ኩላሊት የሁለቱን ሥራ ነው የሚሠራው። ደግሞ ጠይቋቸው።

ለቤተሰብ። ወሎ ውስጥ "አብሽር" የሚባል ጥሩ ቃል አለን። በሉን። ግን ብላችሁ አትሂዱ። ቁጭ በሉ፣ ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ቆዩ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ስትደውሉ "ዋጥክ ወይ?" ብላችሁ እንደ ፖሊስ አትጠይቁን። ልጄ ምን ታደርጋለች መሰላችሁ? ደወሉ ሲጮህ ክኒኑንና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዛ መጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች። አንድም ቃል አትናገርም። ያን አራት እርምጃ አሁን የምትራመደው እሷ ናት።

ጨረስኩ። ቡናው የተፈላው ውጭ በረንዳው ላይ ነው። ወደ ውስጥ እንዳይገባ የለመንኩት እኔ ነኝ፤ ሰማዩ ትንሽ ከፈት ብሏል። ሲኒው እጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ ካያችሁ በርዶኝ እንዳይመስላችሁ፤ ታክሮሊመሱ ነው። ግማሽ ብቻ ቅዱልኝ።