ጉልበቷስ ተሻላት?

እሺ፣ እየቀዳ ነው መሰለኝ። ቀይዋ መብራት በርታለች። ዛሬ እንግዳ የለም። የጎረቤቴ ዶሮም እስካሁን ዝም ብሏል፤ ከጮኸ እንደለመዳችሁት ቻሉት።

ስለ እማዬ ፌስቡክ ነው የማወራው። አዎ፣ እንደገና። ለቅሶ ቤት ፎቶ ስር «እንኳን ደስ አላችሁ» ብላ የጻፈች ጊዜ የሳቃችሁ ሰዎች፣ ዛሬ ሳቁን ያዝ አድርጉት። ማለቴ፣ መጀመሪያው ላይ ያስቃል።

አዲስ ስልክ ተገዛላት። አሮጌው ላይ ፌስቡኩ ሁልጊዜ ክፍት ስለነበር ፓስወርድ ተጠይቃ አታውቅም። አዲሱ ጠየቃት። እሷ ደግሞ እኔን ጠየቀችኝ። «ፓስወርድ ረስተዋል?» የሚለውን ነካሁት። ኮዱን በኢሜይል እልካለሁ አለ። ስልክ ቁጥር አልተመዘገበበትም። የኢሜይሉን የመጀመሪያ ፊደል ያሳያችኋል፣ ከዚያ ኮከብ ኮከብ ኮከብ፣ መጨረሻው ላይ ያሁ። ፊደሉ የእሷ ስም አይደለም። የእኔም አይደለም። «ይሄ የማን ነው?» ስላት፣ «የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ነዋ» አለችኝ። ምን ታካብጃለሽ በሚል ድምፅ።

ያ ዘመን ትዝ የሚላችሁ ታውቁታላችሁ። በ2003 ገደማ፣ ፒያሳ። ኢንተርኔት በደቂቃ ነው የሚቆጠረው። ፌስቡክ ለመክፈት ኢሜይል ያስፈልጋል፤ ለእማዬ አዲስ ኢሜይል ይከፈት ከተባለ ደግሞ ደቂቃው እየበላ ነው፣ ከኋላ ሰልፍ አለ። ልጁ የራሱ የሆኑ ብዙ ኢሜይሎች ነበሩት። በአንዱ ከፈተላት፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይጽፋል። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል። አቡዳቢ ላለችው አክስቴ የተላከው ሁሉ በእሱ ጣት ያለፈ ነው።

ዲቪም እዚያው ነበር የሚሞላው፣ በእሱው ኢሜይል። ኦክቶበር ሲመጣ ሰልፉ ደረጃው ድረስ ይወርዳል። የዲቪ አሸናፊ በኢሜይል «ደርሶሃል» አይባልም። በማረጋገጫ ቁጥሩ ራሱ ገብቶ ነው የሚያየው። ቁጥሩ ከጠፋበት ደግሞ መልሶ ለማግኘት ያኔ የተሞላውን ኢሜይል ይጠየቃል። እና ስንት ሰው ነው ኢሜይሉ ደላላ ጋ የቀረበት? ቁጥሩን ይዞ «ብር አምጣ» የሚል አለ። «እህቴን አግብተህ ይዘሃት ሂድ» የሚልም አለ። ደርሶት ሳያውቅ የቀረውስ? አንዳንዴ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው አይቼ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ዲቪ ደርሶት ይሆናል፣ ማንም አልነገረውም፣ ብዬ... እሺ፣ ተውኩት። ልጁ እንደዚያ አልነበረም። አልነበረም ነው የሚባለው።

ቤቱ ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል። ሰዉ ተበተነ፣ ገላን ጉራ የሄደም አለ። ግን እድር አይፈርስም። እማዬ ለእድሩ ጸሐፊ ደወለች፣ በማግስቱ የልጁ ቁጥር መጣ። ልጅ ስላችሁ ሰውዬው ሸብቷል አሉ።

ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግኩት። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። አወቀኝ። ኢሜይሉ አሁንም አለ ወይ አልኩት። «አለ» አለ፣ ቶሎ። ኮዱን ላስልከው አልኩት። እዚህ ጋ ዝም አለ። ከዚያ «እማማን አቅርቢልኝ» አለ። አቀረብኳት። «እማማ፣ በራችን ላይ ምን ብለን ነበር የለጠፍነው?» አላት። እማዬ ሳታስብ፣ «ዱቤ ዛሬ የለም ነገ ኑ! አንተ ግን ትሰጠኝ ነበር» አለች። ሳቀ። ኮዱን አነበበልኝ። አንድ በአንድ፣ ቀስ ብሎ፣ ደግሞ ደገመልኝ።

እዚያ ላይ ወድጄዋለሁ፤ እውነቴን ነው። የትኛው ባንክ ነው እንዲህ የሚጠነቀቀው?

ገባሁ። ፓስወርድ ቀየርኩ። የእኔን ጂሜይል ጨመርኩ፣ ኮድ ወደ እኔ መጣ፣ አረጋገጥኩ፣ ዋና አደረግኩት። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ አዲሱን ሳታረጋግጡ አሮጌውን እንዳታወጡ። ከዚያ ያሁዋን አወጣኋት። እሱ አሁንም መስመር ላይ ነው። «ሌላ ደግሞ መጣ» አለ። «ይህ አድራሻ ከአካውንቱ ተወግዷል፣ እርስዎ ካልሆኑ እዚህ ይጫኑ ይላል።» እማዬ «ማን ነው የተወገደው?» አለች። አስረዳኋት። ስልኩን በእጇ ሸፍና፣ በሹክሹክታ፣ «እንዴት ሳትነግሪው ታስወጪዋለሽ? ነውር አይደለም?» አለችኝ። ኢሜይል እኮ ነው እማዬ! ሰው ከቤት አላባረርኩም።

እና እሱ ለመሰናበት፣ እንደማንኛውም ሰው፣ «የአቡዳቢዋ እህትዎ ደህና ናት?» አለ። «ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» «ጉልበቷስ ተሻላት?»

ይሄው ነው። ይሄንን ነው የማኝከው።

አክስቴ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን የሆነችው በኋላ ነው። በጣም በኋላ። እማዬ የራሷን ስልክ ይዛ፣ ኢንተርኔት ቤት መሄድ ከተወች ቆይታ። እሱ የሚያውቀው አክስቴ ሰማኒያ ደረጃ የምትሮጠውን ነው። ጉልበቱን ከየት አመጣው?

እማዬ ምንም አልመሰላትም። «ተሻላት፣ ክረምት ላይ ብቻ ይነካካታል» ብላ መለሰች። ተመራረቁ። ተዘጋ። እኔ ስልኩን እያየሁ ቀረሁ። ድምፁን ደጋግሜ ለማስታወስ ሞከርኩ። የሰለለ ሰው እንዲህ በግልጽ ይጠይቃል? አይጠይቅም። ወይስ ከመልመዱ ብዛት የማይገባውን እንደሚያውቅ ረስቶታል? እንደ ቤተሰብ።

ማታ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። ያሁ ዓመት ሙሉ ያልተከፈተን ሳጥን ዘግቶ ውስጡን ያጠፋል። በፈረንጆቹ 2013 እንዲያውም ስራ ፈት አድራሻዎችን ለሌላ ሰው እንሰጣለን ብሎ ነበር። ይሄ ሳጥን ግን በሕይወት አለ። ስለዚህ አንድ ሰው ሲከፍተው ኖሯል። በየዓመቱ፣ ቢያንስ። ምን ብሎ? ለእማዬ ብሎ፣ እንዳይዘጋባት ብሎ? ወይስ የራሱ ኢሜይል ስለሆነ ብቻ? የራሱ እኮ ነው! እኔ የእሷ ነው እያልኩ ነው እንጂ።

ፌስቡኩ ውስጥ የገባ አይመስለኝም። መግባት ቢፈልግ ፓስወርድ ማስቀየር ነበረበት፣ ያን ቢያደርግ እማዬ ነቅታ ጎረቤት ትቀሰቅስ ነበር። ግን መግባት አያስፈልገውም። ፌስቡክ ድሮ የመልእክቱን ጽሑፍ እንዳለ በኢሜይል ይልክ ነበር። ኮሜንቱን ሁሉ። «እህትሽ ጻፈችልሽ» ይልና ከስር የጻፈችው ይከተላል። እሱ ሁሉ ያሁ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። አድራሻውን ከአካውንቱ አወጣሁት፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ግን ምን አደርገዋለሁ? አሁንም እዚያው ነው። ያ ዓመትም እዚያ ውስጥ ነው። ያ ዓመት የቱ እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ እዚህ አላወራውም ብያለሁ፣ አላወራውም። ግን እማዬና አክስቴ አውርተውታል። በጽሑፍ።

ደግሞ አስቡት፣ እኔ አንድ ሰውዬ ላይ ነው ዓይኔን ያፈጠጥኩት። ያሁ ራሱ በፈረንጆቹ 2017 ምን አለ? በ2013ቱ ስርቆት ሁሉም አካውንቶች ተነክተዋል፣ 3 ቢሊዮን። ሦስት ቢሊዮን! እና እኔ በር ላይ የተለጠፈውን ጠይቆ ኮድ የሰጠን ሰው እጠረጥራለሁ። ያሳፍራል። ያሳፍራል ግን ጥርጣሬው አልሄደም።

የእድሩ ጸሐፊ ነግሮትም ሊሆን ይችላል። ጸሐፊው የሁሉንም ሰው ጉልበት ያውቃል። ለእድር ጸሐፊ ሚስጥር ብሎ ነገር... እንዲያውም እሱ ነው። እሱ ነው ብዬ ልተኛ ነበር። ከዚያ እሱስ ከየት ሰማ ብዬ ተነሳሁ።

እማዬን ነገርኳት። ሁሉንም፣ ሳጥኑን፣ ኖቲፊኬሽኑን። ቡናዋን ፉት አለች። «እና እኔ እየነገርኩት አይደል የጻፈው? ምን ያልሰማው አለ?» አለች። እኔ «ከዚያ በኋላ ያለው እኮ ነው» አልኳት። «በኋላማ ሳልሄድ ቀረሁ» አለች። የተቀየመችው እሷ ናት ወይስ እሱ ነው የተቀየመው፣ አልገባኝም። ከዚያ «አሁንስ ኢሜይሉ ማን ጋ ነው?» አለችኝ። «እኔ ጋ።» «እ» አለች። «እ» ብቻ። የራሷን ልክፈትላት ስላት ደግሞ አልፈልግም፣ ማን ያስታውሰዋል ትላለች።

እሁድ ቡና ጠርታዋለች፣ ሰውዬውን። ጸሐፊውም ይመጣል። አስቡት እኔ መሃል ተቀምጬ። እንዴት ነው የሚጠየቀው? «ይቅርታ፣ ፈንዲሻ ይጨመርልህ፣ በነገራችን ላይ ታነበው ነበር?» አይባልም። ሳጥኑን አጥፋልኝስ ይባላል? የሰው ኢሜይል እኮ ነው። ዲቪ የሞላላቸው ሰዎችም እዚያው ውስጥ አሉ፣ ቁጥራቸውን አንድ ቀን የሚፈልግ ይኖራል...

ትናንት ደግሞ የመጀመሪያው ኖቲፊኬሽን ወደ እኔ መጣ። አክስቴ ጽፋላታለች። አልከፈትኩትም። ማለቴ፣ ሳትከፍቱትም ግማሹ ላይ ይታያል፣ ታውቁታላችሁ። ስለ አያቴ ቤት ነው መሰለኝ። ካርታ ምናምን ይላል። «ለልጆቹ ገና እንዳትነግሪ» ይላል... ልጆቹ እኛ ነን እንግዲህ፣ ሌላ ልጅ የለም። እና አሁን እኔ እሁድ... ቆይ፣ ወንድሜ ይሄን ፖድካስት ይሰማል እኮ። ይሄኛውን ክፍል ልቆርጠው ይሆናል። ወይ ልተወው። አላውቅም፣ እስቲ...