አዲስ መኪና መጀመሪያ መቼ ይመርመር? (የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የጋራዥ ባለቤቶች፣ መካኒኮችና የተሽከርካሪ መርማሪዎች፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዳችሁ ከሐረር የመጣችሁ እንግዶቻችን፤ እንኳን ወደ ድሬዳዋ በደህና መጣችሁ። ሙቀቱ ሳይበረታብን እንድንገባበት ዛሬ የማነሳው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው።

እኛ ዘንድ የቴክኒክ ምርመራ በየዓመቱ ነው። የወንበሩ ፕላስቲክ ገና ያልተቀደደ መኪናም፣ ሐረር ውስጥ ዛሬም ታክሲ የሚሠራው አሮጌ ፔጆም አንድ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ። "አዲሱ ለጥቂት ዓመታት ከምርመራ ይረፍ" የሚለው ሐሳብ በመካከላችን ብዙ ደጋፊ ያገኘው ለዚህ ነው። እኔም እደግፈዋለሁ። ግን ዕረፍቱ በዓመት ብቻ ከተቆጠረ አልስማማም።

ሒሳቡን እንየው። እዚሁ ድሬዳዋ ከሳቢያን ሰፈር ወደ ከዚራ ሰፈር የምትመላለስ የቤት መኪና በቀን 25 ኪሎ ሜትር ብትሄድ በዓመት 9,000 ገደማ ይሆናል። ባጃጅ በቀን 120 ኪሎ ሜትር ቢሠራ በ300 የሥራ ቀን 36,000 ይሞላል። የባጃጁ አንድ ዓመት የቤት መኪናዋ አራት ዓመት ነው ማለት ነው። ሁለቱንም "አዲስ" ብለን እኩል ብናሳርፍ የባጃጁ የፍሬን ሸራ አልቆ ብረት ብረትን ሲፍቅ ማንም ሳያየው ይቀራል።

ሌላው ዓለምም ይህን ተከራክሮበታል። እንግሊዞች ምርመራውን እ.ኤ.አ. በ1960 ሲጀምሩ ግዴታው አሥር ዓመት ለሞላው መኪና ብቻ ነበር። የሚወድቀው ስለበዛ በዓመቱ ወደ ሰባት፣ በ1967 ደግሞ ወደ ሦስት ዓመት አወረዱት። በ2017 ወደ አራት ከፍ እናድርገው ተብሎ ነበር፤ መክረውበት በ2018 እዚያው ሦስት ላይ ተዉት። የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ለቤት መኪና አራት ዓመት፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ ይላል፤ ታክሲን፣ አምቡላንስን፣ አውቶቡስንና ከባድ ጭነትን ግን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ያስመረምራል። ለእኛ የሚበጀን ይህ የመጨረሻው ነው፤ መለኪያው የመኪናው ሥራ ነውና።

ኪሎ ሜትር ብቻም አይበቃም፤ ቆሞም የሚያረጅ ነገር አለ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ 3.7 ከመቶ ያህል ውኃ ሲገባበት ግን መፍያው እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ይህ ቁጥር ሜዳ ላይ ለሚነዳ ሰው ምንም አይደለም። በደንገጎ ጠመዝማዛ ከ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ ድሬዳዋ 1,200 ለሚወርድ፣ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን እንደመያዝ ፔዳል ላይ ለተኛ ሾፌር ግን የሞት ሽረት ነው። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ይጨመቃል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ሸራው አዲስ፣ ዲስኩ ያልተነካ ሆኖ "ፍሬን እምቢ አለ" የሚባለው አንዱ እንዲህ ነው። ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፤ የተነዳው ኪሎ ሜትር አይታይ።

ጎማም እንደዚያው ነው። ጎኑ ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 1422 ማለት በ2022 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በ14ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ወደብ ላይና ማሳያ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ሲመታው የኖረ ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር ሆኖ ጎኑ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ የመኪና ዕድሜ ታርጋ ከወጣበት ቀን አይቆጠር፤ ከተሠራበት ይቆጠር። ሊብሬውን ብቻ አይቶ "አዲስ ነው" የሚል መርማሪ ግማሽ ሥራ ነው የሠራው።

አሁን ወደ ኤሌክትሪክ መኪኖቹ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ካገደ ወዲህ "አዲስ መኪና" ሲባል በአብዛኛው እነሱ ናቸው። ዘይት የላቸውምና ምን ይመረመራል የሚል ሰው አይጠፋም። እነዚህ መኪኖች ፍጥነት የሚቀንሱት በአብዛኛው በሞተራቸው ስለሆነ ፍሬናቸው ሥራ ይፈታል፤ ዲስኩ ይዝጋል፣ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው የካሊፐር ፒን ይጣበቃል። ባለቤቱ ድንገት ሲረግጥ አንዱ ጎማ ይይዛል፣ ሌላው አይይዝም፣ መኪናው ወደ ጎን ይስባል። የፍሬን ኃይል በሚለካው ሮለር ሲታይ በአንድ አክስል የግራና የቀኙ ኃይል ከ30 ከመቶ በላይ ከተለያየ መጣል አለበት። ሮለር የሌለው ጋራዥ ደግሞ መኪናውን ጥቂት ኪሎ ሜትር ፍሬን እያስያዘ ነድቶ አራቱን ዲስክ በሙቀት መለኪያ ያነጻጽር፤ ከጓደኛው እጅግ የጋለው አልለቅ ያለ ነው፣ የቀዘቀዘው ደግሞ ያልሠራ። ክብደታቸውም ከነዳጅ አቻቸው ስለሚበልጥ ጎማ ቶሎ ይበላሉ። ባትሪው ወለሉ ሥር ነውና ክሪክ የሚገባው በተመለከተለት ቦታ ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ ያነሳ ሰው የባትሪውን ቤት ያጎደጉዳል። ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን ብርቱካናማ ኬብል ያልሠለጠነ እጅ አይንካው። ክረምት ላይ በደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ውስጥ ያለፈ መኪና ደግሞ ሦስት ወሩም ቢሆን ከሥሩ ይታይ።

ረቂቃችን እንግዲህ ይህ ነው። የቤት መኪና ከተሠራበት ቀን ሦስት ዓመት ወይም 40,000 ኪሎ ሜትር፣ ከሁለቱ ቀድሞ በሞላው ለመጀመሪያ ጊዜ ይመርመር፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ። ባጃጅ፣ ታክሲ፣ ሚኒባስና የጭነት መኪና ዕረፍት የላቸውም። የተጋጨ ወይም ውኃ የገባበት መኪና ዕረፍቱ በዚያው ቀን ያበቃል። ኪሎ ሜትሩ የሦስተኛ ወገን መድን በየዓመቱ ሲታደስ ተነቦ ይመዝገብ። ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል የሚል ሥጋት አለ፣ ትክክልም ነው፤ ግን 30,000 የሚል ቆጣሪ ያለው መኪና የፔዳሉ ጎማ አልቆ መሪው ከላመ ዓይን ያለው መካኒክ አይታለልም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቦሎ የጣሊያን ቃል ነው፣ ቴምብር እንደ ማለት። ሰዉም ምርመራውን እንደ ቴምብር ነው የያዘው፦ ለዚያ ቀን ደህና ጎማ ይዋሳል፣ እሳት ማጥፊያና ሦስት ማዕዘን ይከራያል፣ ማታ ይመልሳል። ክፍያውና ምርመራው ይለያዩ። ክፍያው በየዓመቱ ይቀጥል፤ ከአዲስ የቤት መኪና የሚተርፈውን ሰልፍ ግን ለባጃጁና ለጭነቱ እንስጠው፤ አንዱን መኪና በጥድፊያ ከማሳለፍ ጎማውን ፈትቶ ታምቡሩን ማየት ይቻላል።

ረቂቁ በየጠረጴዛችሁ ላይ አለ። 40,000 የሚለው ቁጥር ይብዛ ይነስ የሚል ሙግት እጠብቃለሁ፤ በተለይ የደንገጎን መንገድ በየቀኑ የምትመላለሱት ሐረሮች እንድትጀምሩልን እጠይቃለሁ።