ለፎቶ ኤዲቲንግ ምን ዓይነት ሞኒተር እንግዛ? ጨርቁን ወደ በር አውጡት!

ሰላም ሰላም፣ እንኳን በደህና መጣችሁ! ዛሬ ሞኒተር እንመርጣለን። የጌም አይደለም፣ የፊልም አይደለም፤ የፎቶ። የሰርግ፣ የክርስትና፣ የምርቃት ፎቶ ኤዲት አድርጎ አልበም ለሚያሳትም ሰው የሚሆን ሞኒተር።

ከሽሮ ሜዳ እንጀምር። አዎ፣ ከሽሮ ሜዳ! ሀበሻ ቀሚስ ልትገዙ ገብታችኋል። ሱቁ ውስጥ መብራት በርቷል፣ ጥለቱ ያምራል፣ ባለሱቁ "እዩት እስቲ፣ እዩት!" ይላል። አብራችሁ የሄደችው እናት ወይም አክስት ግን ምን ታደርጋለች? ቀሚሱን ትይዝና ወደ በር ትወጣለች። ፀሐይ ላይ ትዘረጋዋለች። ውስጥ አረንጓዴ የመሰለው ጥለት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ መሆኑ የሚታወቀው ያኔ ነው። ቀሚሱ ተቀየረ? አልተቀየረም። የተቀየረው መብራቱ ነው።

ሞኒተር ማለት ያ መብራት ነው። ፋይላችሁ ውስጥ ያለው ቀለም ቁጥር ብቻ ነው፤ ቀይ ይህን ያህል፣ አረንጓዴ ይህን ያህል፣ ሰማያዊ ይህን ያህል። ሞኒተሩ ቢጫ ካደረገባችሁ ቢጫውን ለማጥፋት ሰማያዊ ትጨምራላችሁ። ፋይሉ ግን ድሮም ቢጫ አልነበረም! አልበሙ ታትሞ ሲመጣ የሙሽራዋ ፊት አመድ መስሎ ይወጣል። ከዚያ ማተሚያ ቤቱ ይወቀሳል። ስለዚህ ሞኒተር ስትመርጡ "ያምራል ወይ?" አትበሉ። "እውነቱን ያሳያል ወይ?" በሉ።

ከጨርቁ ሳንወጣ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ምሳሌው ገና አላለቀም። ሸማኔው ጋ እንሂድ። ሸማኔው የሚሠራው ባለው ክር ነው። ደማቁ አረንጓዴ ክር ከሌለው ቀረብ የሚለውን ያስገባል። ሞኒተርም የክር ሳጥን አለው፤ ማሳየት የሚችለው ቀለም መጠን ማለት ነው። ኤስአርጂቢ የሚባለው ሳጥን በ1996 ኤችፒና ማይክሮሶፍት ያዘጋጁት ነው፤ ዛሬም ድረ ገጹም፣ አብዛኛው የፎቶ ማተሚያ ቤትም የሚግባባው በእሱ ነው። አዶቤ አርጂቢ በ1998 የመጣ ሰፋ ያለ ሳጥን ነው፤ በተለይ አረንጓዴና ውሃ ሰማያዊ ክሮች ይበዙለታል።

"እንግዲያው ሰፊው አይሻልም?" ትሉኛላችሁ። ማተሚያ ቤታችሁ የሚቀበለው ኤስአርጂቢ ጄፔግ ከሆነ አይሻልም። እንዲያውም ሰፊ ሞኒተር የኤስአርጂቢ ሞድ ከሌለው፣ ቀለም ማስተካከል በማይችል ፕሮግራም ስትከፍቱት ቆዳው ቀይ ሥር መስሎ ይታያል። መጀመሪያ ኤስአርጂቢን አሟልቶ የሚያሳይ ግዙ።

[ስክሪን ላይ፦ አይፒኤስ፣ ኤስአርጂቢ ከ95 እስከ 100 በመቶ፣ 8 ቢት (ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ)፣ ዴልታ ኢ ከ2 በታች]

አሁን ፈጠን እንበል፣ ፒክስል ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ፓነሉ፣ ማለትም ምስሉን የሚያሳየው የስክሪኑ ክፍል፣ አይፒኤስ የሚባለው ዓይነት ይሁን። ሌሎቹ ዓይነቶች ቲኤንና ቪኤ ናቸው። ቲኤን ከታች ወደ ላይ ስታዩት ምስሉ እንደ ኔጋቲቭ ይገለበጣል፣ እርሱት። ቪኤ ጥቁሩ ጥልቅ ነው፣ ፊልም ያሳምራል፤ ግን ጭንቅላታችሁን ትንሽ ስታንቀሳቅሱ ጨለም ያለው ክፍል ይለዋወጣል፣ የጠይም ፊት ጥላ ደግሞ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው። ዴልታ ኢ የቀለም ስህተት መለኪያ ነው፤ ከ2 በታች ከሆነ ዓይን ብዙም አይለየውም። "72 በመቶ ኤንቲኤስሲ" (ኤንቲኤስሲ የድሮ የቲቪ የቀለም መለኪያ ነው) የሚል ካያችሁ ከሞላ ጎደል ሙሉ ኤስአርጂቢ ማለት ነው። "45 በመቶ ኤንቲኤስሲ" የሚል ግን፣ ርካሽ ላፕቶፖች ላይ የሚበዛው እሱ፣ ለኤዲት አይሆንም። መጠን? 24 ኢንች በ1920 በ1200፣ ወይም 27 ኢንች በ2560 በ1440። 27 ኢንች ፎርኬ ጥሩ ነው፤ ግን ብሩ ፎርኬና ካሊብሬተር (የስክሪን ቀለም ለክቶ የሚያስተካክል መሣሪያ) ላይ አንድ ላይ ካልበቃ፣ ፎርኬው ይቅርና ካሊብሬተሩ ይገዛ።

ቆይ፣ ቆይ። እዚህ ጋ ልቁም፣ ምክንያቱም በየቪዲዮው ሥር የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ። "32 ኢንች ቲቪ ብገዛ አይሻልም? በዚያ ላይ ትልቅ ነው፣ ቀለሙም ይደምቃል።" አይሻልም። ለምን እንደማይሻል ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ስፋቱ አይሸውዳችሁ። ብዙ 32 ኢንች ቲቪዎች ሪዞሉሽናቸው 1366 በ768 ነው። ያ በአንድ ኢንች 49 ፒክስል ይሆናል። ሙሉ ኤችዲ ቢሆን እንኳ 69 ነው። 27 ኢንቹ የ2560 በ1440 ሞኒተር 109 አለው። 49 ፒክስል ላይ የዓይን ሽፋሽፍት ጥርት ይበል አይበል እንዴት ትፈርዳላችሁ?

ሁለተኛ፣ ብዙ ቲቪ የቀለሙን መረጃ ያሳንሰዋል፤ ጎን ለጎን ያሉ ፒክስሎች አንድ ቀለም ይጋራሉ። ለፊልም አይታወቅም። ጥቁር ላይ ቀይ ጽሑፍ ጻፉበትና እዩት፤ የፊደሉ ጠርዝ ይደበዝዝባችኋል። ቀሚስ ላይ ያለ ቀጭን ቀይ ጥለትም እንዲሁ ነው የሚሆነው።

ሦስተኛ፣ እና ዋናው፣ ቲቪ የሚሠራው ሱቅ ውስጥ ዓይን እንዲስብ ነው። ራሱ ሻርፕ ያደርጋል፣ ራሱ ቀለም ይጨምራል። እናንተም እሱን አይታችሁ ሻርፕ ትቀንሳላችሁ፣ ቀለም ትቀንሳላችሁ። የታተመው ደብዝዞ ይመጣል። ቲቪ የባለሱቁ መብራት ነው! ቲቪ ያላችሁ ሰዎች፣ ለደንበኛ ስላይድ ማሳያ አድርጉት፣ ለዚያ ግሩም ነው።

ከሱ ጋር የሚሄደው ሌላው ጥያቄ፦ "ፎቶዬ ታትሞ ሲመጣ ለምን ይጨልማል?" ሞኒተራችሁ በጣም ስለበራ ነው። አዲስ ሞኒተር ከካርቶን ሲወጣ ብዙ ጊዜ ከ250 እስከ 350 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) ድረስ ያበራል። ለኅትመት የሚፈለገው ከ80 እስከ 120 ነው። ስክሪኑ ሲያበራ ፎቶው የበራ ይመስላችኋል፣ ስለዚህ ታጨልሙታላችሁ። ወረቀት ግን ከራሱ ብርሃን የለውም።

እሺ፣ ሱቅ እንሂድ። ያገለገለ ሞኒተር የምትገዙ ከሆነ በተለይ ይሄን ስሙ፦ ከጀርባው ያለውን ሞዴል ቁጥር አንብቡና ፓነሉን እዚያው ስልካችሁ ላይ ፈልጉ። ካንድ ፋብሪካ፣ በመልክ የሚመሳሰሉ፣ ግን የማይገናኙ ሞኒተሮች አሉ። ከዴል ዩ2412ኤም አይፒኤስ ነው፤ ፒ2412ኤች ቲኤን ነው። ያገለገለ ዴል ዩ2415 ካገኛችሁ 24 ኢንች፣ አይፒኤስ፣ 99 በመቶ ኤስአርጂቢ ነው። ከአዲሶቹ አሱስ ፕሮአርት ፒኤ248ኪውቪ እና 27 ኢንቹ ፒኤ278ኪውቪ ሁለቱም 100 በመቶ ኤስአርጂቢ ናቸው።

ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ፎቶሾፕ ላይ አራት ፋይል አዘጋጁ። አንዱ ሙሉ ግራጫ፣ ቁጥሩ 128 (0 ጥቁር፣ 255 ነጭ ነው)፤ አንዱ ጥግ ቢጫ ወይም ሮዝ ካደረገ ተዉት። ሁለተኛው ጥቁር ሆኖ ውስጡ 5፣ 10 እና 15 የሆኑ ሳጥኖች ያሉት። ሦስተኛው ነጭ 255 ሆኖ ውስጡ 250 የሆነ ሳጥን ያለው። በሁለቱም ላይ ሳጥኖቹ ይለዩ እንደሆነ እዩ። አራተኛው የነጠላ (የምንለብሰው ነጩ ነጠላ) ፎቶ፣ መቶ በመቶ ተከፍቶ። የነጠላውን ነጭ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ድሩና ማጉ ይታያል? እጥፋቱ ላይ ያለው ስስ ጥላ አለ? ወይስ ነጭ ወረቀት ሆኗል? ፋይሉ ላይ ያለው ክር ስክሪኑ ላይ ከጠፋ ባለሱቁ ኮንትራስቱን እንዲቀንስላችሁ ጠይቁ፤ አሁንም ካልመጣ ሌላ ሞኒተር እዩ። ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ በደንብ የታተመ ፎቶ ከነፋይሉ ያዙ፣ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አስተያዩ። ጨርቁን ወደ በር ማውጣት ማለት ይሄ ነው!

(ቪዲዮው ከጠቀማችሁ ላይክና ሰብስክራይብ፣ ለፎቶግራፈር ጓደኛችሁም ላኩለት።)

ቤት ደርሳችሁ ስትሰኩት፦ ቪጂኤ ገመድ አትጠቀሙ፣ ያደበዝዛል። ዲስፕሌይ ፖርት ወይም ኤችዲኤምአይ ይሁን። በኤችዲኤምአይ ጥቁሩ ግራጫ ከመሰለ ኮምፒውተሩ ከ16 እስከ 235 ብቻ እየላከ ነው፤ የኢንቴል ወይም የኤንቪዲያ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ፉል ሬንጅ (ከ0 እስከ 255) አድርጉት። ዳይናሚክ ኮንትራስት፣ ኢኮ፣ የዊንዶውሱ ናይት ላይት፣ ሁሉም ይጥፋ። ሞዱ ኤስአርጂቢ ወይም ከስተም ይሁን፤ አንዳንድ ሞኒተር በኤስአርጂቢ ሞድ ብራይትነስ ይቆልፋል፣ ከቆለፈ ከስተም ተጠቀሙ። መስኮት ከጀርባችሁም ከስክሪኑም ኋላ አይሁን፣ በጎን ይሁን። ግድግዳው ደማቅ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ከሆነ ዓይናችሁ ያንን ይለምዳል፣ ፊት ለፊታችሁ ያለውን ቢያንስ ግራጫ ቀቡት።

ካሊብሬተር ከሌላችሁ ለጊዜው ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ አጠገብ ያዙ፣ ባዶ ነጭ ገጽ ክፈቱ፣ ሁለቱ እስኪመጣጠኑ ብራይትነስ ቀንሱ። ካሊብሬተር ካላችሁ፣ ስፓይደርም ይሁን ካሊብራይት፣ ሞኒተሩን አብርታችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ፤ ሳይሞቅ የተለካ አይታመንም። ነጩን ዲ65 (የቀን ብርሃን ነጭ)፣ ጋማ (የመካከለኛ ጥላዎች ብሩህነት) 2.2፣ ብርሃኑን 100 ወይም 120 ኒት በሉት። ሲጨርስ ፕሮፋይሉን (የልኬቱን ፋይል) አስቀምጡ፣ ብራይትነስ ቁልፉን ከዚያ በኋላ አትንኩ፤ ከነካችሁ ልኬቱ ፈረሰ ማለት ነው። በወር አንዴ ድገሙት። አንድ ካሊብሬተር ለአራት አምስት ስቱዲዮ ይበቃል፣ ተዋጥታችሁ ግዙት።

ቀጣዩ ቪዲዮ ፋይሉን ለማተሚያ ቤት እንዴት እንደምንልክ ነው። ቻው ቻው!