ሰባት ሰው፣ አንድ ጀልባ፣ ሰባት ቀን፦ ከጎርጎራ እስከ ባሕር ዳር

ታደሰ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ ወንበር ተለዋውጠናል። ሁልጊዜ ስለ ጎንደር እኔን የምትጠይቀኝ ሰብለ፣ በ2011 ዓ.ም. ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን ከስድስት ጓደኞቿ ጋር ወደ ጣና ወርዳ ከደሴት ደሴት ስትሻገር ያሳለፈችውን ሳምንት ታጫውተናለች፤ እኔ ደግሞ እጠይቃለሁ። ከጣና በስተሰሜን ደንቢያ ተወልጄ ጎርጎራ ያስተማርኩ ሰው ሆኜ ሐይቁን የተሻገርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በወጣትነቴ፣ በሳምንት አንዴ ከባሕር ዳር ትመጣ በነበረችው መርከብ፣ ቁንዝላ አድረን ነበር።

ሰብለ፦ እርስዎ በመርከቧ ስለሄዱ ዕድለኛ ነዎት ጋሼ፤ ሰዓቷን የሚወስንላችሁ ሌላ ሰው ነበር። እኛ ሰባት ነበርን፣ አራት ሴቶችና ሦስት ወንዶች፤ ጀልባዋን ከነካፒቴኗና ከነረዳቱ ለሳምንት ተከራይተን ሰዓቱን ራሳችን እንወስናለን ብለን አሰብን። ከመካከላችን አንዱ ውጭ አገር የሚኖር ነው፤ በግሪክ ደሴቶች መካከል በሸራ ጀልባ አንድ ሳምንት ከጓደኞቹ ጋር አሳልፎ ስለነበር፣ «እንደዚያ ያለ ሽርሽር በአገራችን ለምን አይሆንም?» ብሎ ሐሳቡን ያመጣው እሱ ነው።

ታደሰ፦ ጣና ላይ ሸራ ፈለገ?

ሰብለ፦ ፈለገ እንጂ! ጎርጎራ ደርሶ ያየው ታንኳና ባለ ሞተር ጀልባ ብቻ ሲሆን ፊቱ ላይ የነበረውን ቅሬታ አልረሳውም። በኋላ ግን እሱ ራሱ አንድ ነገር አስተዋለ። በግሪኩ ኤጂያን ባሕር በእነሱ በጋ፣ በእኛ ክረምት ወራት መልተሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ አለ፤ ቀን እየበረታ ስለሚሄድ ጀልበኞች በማለዳ ተነሥተው ነፋሱ ሳይጠና ወደብ መግባትን ይመርጣሉ። የእኛም ካፒቴን የመጀመሪያው ማታ የነገረን ይህንኑ ነው፤ «ጣና እስከ እኩለ ቀን የናንተ ነው፣ ከሰባት ሰዓት በኋላ የነፋሱ ነው» አለን።

ታደሰ፦ እናንተም ሰማችሁት?

ሰብለ፦ በጆሯችን ሰማን። በማግሥቱ ወደ ደቅ ለመሻገር ንጋት 12 ሰዓት እንነሣለን ተብሎ የነበረው ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ አንዷ ሻንጣዋን ረሳች፣ አንዱ ቡናው ሦስተኛው ሳይጠጣ አልነሣም አለ፤ የነዳጁ ጀሪካንም ገና አልተሞላም ነበር። በዚያ ላይ ፎቶ አንሺ ጓደኛችን የውኃ ወፎች ካላየሁ ብሎ የመገጭ ወንዝ ወደ ሐይቁ ወደሚገባበት ዳርቻ አዙረን እንድንሄድ ለመነ። ካፒቴኑ ራሱን ነቀነቀ፤ ሆኖም ደንበኛ ናቸው ብሎ ነው መሰለኝ አዞረ። እምቦጭ ውስጥ የገባነው እዚያ ነው።

ታደሰ፦ እስቲ እምቦጭን አይተው ለማያውቁ አድማጮቻችን አስረጂ። እኛ ደንቢያዎች ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለምደነዋል፤ በዘመቻ እየነቀልነው ክረምት ሲገባ ተመልሶ የሚመጣ አረም ነው።

ሰብለ፦ ከሩቅ ሲያዩት የለመለመ መስክ ነው፤ ላዩ ላይ ሐምራዊ አበባ አለው፣ እንዲያውም ያምራል። ቀርበው ሲይዙት የቅጠሉ እግር እንደ ትንሽ ፊኛ ያበጠ ነው፣ ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ ይሟሽሻል፤ የሚያንሳፍፈው እሱ ነው። ከሥሩ ደግሞ እንደ ረጠበ ጥቁር ጸጉር የሚመስል ሥር ተንጠልጥሏል፣ የሞተሩን ማሽከርከሪያ የጠቀለለውም ያ ሥር ነው። ሞተሩ አጓርቶ ቆመ። ረዳቱ፣ አሥራ ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ፣ ሸሚዙን አውልቆ በጀልባዋ ጫፍ ላይ በደረቱ ተኛ፤ ማጭድ በቀኝ እጁ ይዞ በግራው ሥሩን እየጎተተ ሲቆርጥ አንዳችንም አልተናገርንም። የተቆረጠውን አንድ እቅፍ አንሥቶ ጀልባዋ ውስጥ ጣለው፤ ውኃ ላይ ብጥለው ዘር ይሆናል አለን። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን፤ ዋናው የሐይቅ ሜዳ ላይ ስንወጣ ነፋሱ ተነሥቶ ነበር።

ታደሰ፦ ጣና ነፋስ ሲነካው ለምን ወዲያው እንደሚቆጣ ሰዎች ይገረማሉ። ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ሐይቅ ሆኖ ጥልቀቱ ግን ከፍተኛው 14 ወይም 15 ሜትር ገደማ ነው፤ እንደ ትሪ የተዘረጋ ውኃ በለው። ውኃው ጥልቅ ባልሆነበት ሰፊ ቦታ ላይ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ስለሚሆን ጀልባዋን አያወዛውዛትም፣ ይደበድባታል።

ሰብለ፦ በጥፊ! ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ተደብድበን ደቅ ስንደርስ የግሪኩ ጓደኛችን ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ የቀረነውም ከእሱ አንሻልም። ከዚያ ቀን በኋላ ማንም ቡና ሦስተኛ ካልጠጣሁ አላለም።

ታደሰ፦ ደቅ ላይ ስንት ቀን ቆያችሁ?

ሰብለ፦ ሁለት ሌሊት። ከጣና ደሴቶች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ገበሬ አለበት፣ ከብት አለበት፣ ልጆች በታንኳ ይመላለሳሉ። ታንኳውን እዚያ ነው በደንብ ያየሁት። ከደንገል የተሠራ ስለሆነ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ከሐይቁ እንደወጣ ግንድ ላይ አስደግፎ ያቆመዋል፣ ውኃው ከታች ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። አንድ ሽማግሌ ደንገሉ በፊት በየዳርቻው እንደ ልብ እንደነበረ፣ አሁን ግን ዳርቻው እየታረሰ ፍለጋው ራሱ ሥራ እንደሆነባቸው ነገሩን። ዓሣውንም ከእሳቸው ገዛን፣ ቆሮሶ ነበር፤ ዕለቱ ግን ረቡዕ ስለነበረ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚል ክርክር ተነሥቶ ግማሾቻችን ሽሮ በላን።

ታደሰ፦ ዓሣ የበሉትን ስም አንጠራም። ናርጋ ሥላሴን ሳትሳለሙ እንዳልመጣችሁ አምናለሁ።

ሰብለ፦ ጋሼ፣ ለጎንደር ልጅ ናርጋ መግባት ቤቱ መግባት ነው። የግቢው ግንብ፣ የበሩ ማማ፣ የኖራው አሠራር ጎንደር ቁስቋም ያየሁትን አስታወሰኝ፤ ያሠራችውም ያችው እቴጌ ምንትዋብ ናት። መቅደሱ ግድግዳ ላይ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ የተሣለችበት ቦታ አለ። ካህኑ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ሲያሳዩን ቀርቤ አየሁት፤ ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው፣ በታችኛው ጫፍ ጨርቁ ተነሥቶ ክሩ ይታያል። ያች በልጇ በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን አገር የመራች ሴት እዚያ ላይ ትንሽ ናት፣ ከእመቤታችን ጫማ ብዙ አትበልጥም። ሴትም ወንድም እኩል ገብተን፣ ሰባታችንም አንድ ላይ ቆመን ያየነው ከደሴቶቹ ሁሉ ያ ይበልጥብኛል። ምክንያቱን በሚቀጥለው ቀን ተረዳሁት።

ታደሰ፦ ዳጋ እስጢፋኖስ።

ሰብለ፦ አዎን። ሴት እንደማይገባ አውቀን ነው የሄድነው፤ ሥርዓቱ የገዳሙ ነው፣ እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። የእኔ ቅሬታ ከወንዶቹ ጓደኞቻችን ጋር ነው። «አንድ ሰዓት ብቻ» ብለው ወረዱ። እኛ አራታችን ከዛፍ ጥላ ሥር ጀልባዋ ውስጥ ተቀመጥን። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት አለፈ፤ ካፒቴኑ ሰማዩን ማየት ጀመረ። ረዳቱ ልጅ መንጠቆውን ጥሎ አንድ አምባዛ አወጣ፤ ጢሙን ይዞ እያወዛወዘ ሊያስቀን ሞከረ። ከላይ የደወል ድምፅ ይመጣል፣ ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ምንም አይታይም። ያን ጊዜ ያሰብኩት ይህንን ነው፦ እኔ በየቀኑ ፋሲል ግንብ አጠገብ አልፋለሁ፣ ጥምቀት በመጣ ቁጥር ፋሲለደስ መዋኛ ዳር እቆማለሁ፤ ንጉሡ ራሱ ግን እዚህ ከጭንቅላቴ በላይ ተራራው ላይ ተኝቷል፣ እኔ ደግሞ አላየውም።

ታደሰ፦ ፋሲል ብቻውን አይደለም እኮ። ይኩኖ አምላክ፣ ዳዊት፣ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ዘድንግል፣ የእነዚህም አፅም እዚያ ነው የሚጠበቀው። ጎንደርን በእ.ኤ.አ. 1636 ገደማ መናገሻ ያደረገ ንጉሥ፣ ያሳነጸውን ግንብ ትቶ ማረፊያውን ሐይቅ ላይ ማድረጉ እኔን ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ወንዶቹስ ምን አይተው መጡ?

ሰብለ፦ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆይተው መጡና ሦስቱም የተለያየ ነገር ነገሩን! አንዱ አፅሙ ስላለበት የመስተዋት ሣጥን ያወራል፣ አንዱ ዳገቱ ጉልበቴን ቆረጠኝ ይላል፣ ፎቶ አንሺው መነኮሳቱ ካሜራውን ስላስቀመጡበት ኩርፊያ ላይ ነው። አራታችን በጥያቄ ወጠርናቸው። የፋሲለደስ ፊት ምን ይመስላል? ሣጥኑ ከየትኛው ጎን ነው? አንዳቸውም በሥርዓቱ አልመለሱም። እዚያው ጀልባዋ ላይ ስምምነት አደረግን፤ ከዚህ በኋላ ሴት የማይገባበት ደሴት ላይ ወንዶቹን አድርሰን እኛ ጀልባዋን ይዘን የራሳችንን መንገድ እንሄዳለን፣ የምንመለስበትን ሰዓት የምንቆርጠውም እኛ ነን።

ታደሰ፦ ተሳካ?

ሰብለ፦ ጣና ቂርቆስ ላይ በደንብ። ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመግባቷ በፊት ያረፈችበት ነው የሚባለው ደሴት ነውና ወንዶቹ ቶሎ እንደማይመለሱ አውቀናል። አወረድናቸውና ምሥራቁን ዳርቻ ተከትለን ሄድን፤ ካፒቴኑ ሞተሩን አጥፍቶ ጉማሬዎች አሳየን፣ ጆሯቸውና አፍንጫቸው ብቻ ከውኃ ወጥቶ። አንዷ ጓደኛችን ሙቀቱ ሲጠናባት ልዋኝ አለች።

ታደሰ፦ ከጉማሬ ጋር?

ሰብለ፦ ከጉማሬው ርቀን ነበር። ካፒቴኑ የከለከላት ግን በሌላ ነው፤ ሣር ያለበት የዳርቻ ውኃ ቢልሃርዚያ አለበት፣ በሽታውን የምታስተላልፈው ቀንድ አውጣ ያለችበትን ቦታ አትንኪ አላት። እኔ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪ የነበርኩ ሰው፣ ይህን ለእሷ ሳልነግራት ካፒቴኑ መቅደሙ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ታደሰ፦ ዘጌንስ?

ሰብለ፦ ዘጌ ደሴት አይደለም፣ እግሩ ከየብስ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቢሆንም በውኃ ስለገባን ደሴት አድርገን ቆጠርነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሁላችንም ገባን። በቡናው ጫካ ውስጥ ለውስጥ ስንሄድ የእርሻ ማሳ አላየንም፤ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን መሠረት በበሬ አይታረስም ይላሉ፣ ስለዚህ ዛፉ እንዳለ ቆሟል። ከደንቢያ ባዶ ዳርቻ መጥቶ ያንን ጫካ ያየ ሰው ቃል ኪዳን ምን እንደሚሠራ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። በሰባተኛው ቀን ክብራን ገብርኤል ወንዶቹ፣ እንጦስ ደግሞ የሴት መነኮሳት ዘንድ እኛ ሄድን፤ ሁለቱ ደሴቶች ጎረቤታሞች ስለሆኑ ማንም ማንንም አልጠበቀም። እኩለ ቀን ሳይሆን ባሕር ዳር ገባን።

ታደሰ፦ አሁን ደግመሽ ብትሄጂ ምን ትለውጫለሽ? አንዳንድ አድማጮቻችን በልባቸው ዕቅድ እያወጡ ይሆናል።

ሰብለ፦ ነዳጁን ከጎርጎራ ከመነሣታችን በፊት ማታውኑ አስሞላለሁ፤ የኪራዩም ገንዘብ በብዛት የሚሄደው እዚያ ላይ ነው። ደቅ ላይ አንድ ሌሊት እጨምራለሁ። ዳጋ ላይ ደግሞ ወንዶቹን በጠዋት አውርደን እኛ ናርጋ እንውላለን እንጂ ጥላ ሥር አንቀመጥም። ጎርጎራም እኛ ከሄድን ወዲህ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ብዙ ተለውጧል ይባላል፤ እኛ ያደርንበት ጊዜ ግን አልጋው በቁንጫ የተሞላ ነበር፣ የት እንደሆነ አልናገርም።

ታደሰ፦ እኔንስ ትወስጂኛለሽ? የጎርጎራዋን ደብረ ሲና ማርያም ከነሣር ክዳኗ ሳያት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ፋሲለደስን ግን አልተሳለምሁትም።

ሰብለ፦ ጉልበትዎ እንዴት ነው ጋሼ? የዳጋ ዳገት ቀላል አይደለም።

ታደሰ፦ ጉልበቴን ተዪው፣ ባለፈው ሳምንት የእኛን ደረጃ ሁለቴ አርፌ ነው የወጣሁት።

ሰብለ፦ እንግዲያው ከእኛ ጋር ጀልባዋ ውስጥ ይቀመጣሉ። ቆሎ አለን፣ ረዳቱ ልጅ አምባዛ ያጠምድልናል፤ ወንዶቹ ሲወርዱ ደግሞ ሣጥኑ በየትኛው ጎን እንደሆነ እርስዎ ይጠይቁልናል፣ አስተማሪ ሲጠይቃቸው ምናልባት ይመልሱ ይሆናል።