ደጅ ጥናት የወለደው ሙዚቃ

እንደምን አመሻችሁ! ወላጆች፣ መምህራን፣ በተለይ ደግሞ መሣሪያችሁን ተሸክማችሁ የመጣችሁ ተማሪዎች።

አዘጋጆቹ ስለ ክላሲካል ሳክስፎን ሙያ እንድናገር ጠይቀውኛል። ባሕር ዳር ላይ «ይሄን ሙያ መርጫለሁ» ስትሉ ቤተሰብ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ሠርግ ላይ ልትነፋ ነው?» አዎ፣ ሠርግም እንነፋለን። የሪድ፣ የዚያች አፍ ላይ የምትገጠም የሸምበቆ ስንጥር፣ መግዣ ከየት ይመጣል?

ክላሲካል ላይ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ፒያኖ የሚማር ልጅ ርስት ይዞ ነው የሚጀምረው፤ ባኽ አለ፣ ሞዛርት አለ። አዶልፍ ሳክስ ፓሪስ ላይ የሳክስፎንን የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1846 ነው። ሞዛርት ከሞተ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ሳክስ ራሱ ያስተምርበት የነበረው የፓሪስ ኮንሰርቫቷር (የሙዚቃ ትምህርት ቤት) የሳክስፎን ክፍልም በ1870 ተዘጋ። እንደገና የተከፈተው በ1942፣ በፈረንሳዊው ሳክስፎኒስት በማርሴል ሙል መምህርነት ነው። 72 ዓመት!

ታዲያ ሙዚቃው ከየት መጣ? ነፊዎቹ ደጅ ጠንተው አስጻፉት።

የቦስተኗ ሳክስፎን ነፊ ኤሊዝ ሆል ለፈረንሳዊው ደራሲ ለደቡሲ ከፍላ የሳክስፎን ሥራ አዘዘች። ሰውዬው ብሩን ተቀበለ፤ ከዚያ ዛሬ ነገ እያለ ዓመታት አጓተታት። በ1918 ሞተ፤ የኦርኬስትራውን ክፍል ሮዤ ዱካስ ጨርሶት ሥራው በ1919 ለሕዝብ ቀረበ። ቀብድ በልቶ የሚጠፋ ልብስ ሰፊ እኛ ጋ ብቻ ያለ ይመስላችሁ ነበር? ጀርመናዊው ሳክስፎኒስት ሲጉርድ ራሸር ደግሞ ሩሲያዊውን ደራሲ ግላዙኖቭን ወትውቶ ወትውቶ በ1934 ኮንቼርቶ፣ ሳክስፎን ከኦርኬስትራ ጋር የሚነፋበት ሥራ፣ አስጻፈው። ዛሬ ያንን ኮንቼርቶ ያልተማረ ክላሲካል ሳክስፎኒስት ማግኘት ይከብዳል።

ሙል የመጣው ከወታደር ባንድ ነው። በ1928 ኳርቴት (የአራት ነፊዎች ቡድን) ያቋቋመውም ከዚያው ባንድ ጓደኞቹ ጋር ነበር። የእኛም የትንፋሽ መሣሪያ ታሪክ ከክቡር ዘበኛና ከፖሊስ ባንድ አይለይም። ጌታቸው መኩሪያ በፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ተጫውቷል። ማንም እስኪጽፍለት አልጠበቀም። ሽለላና ፉከራውን ከፎካሪው አፍ ወስዶ በቴነር ሳክስ ነፋው። ለእኔ ከዚህ የበለጠ የድርሰት ትምህርት የለም።

እዚህ ከተማ ውስጥ ደግሞ ምሽት ላይ ወደ አንዱ አዝማሪ ቤት ጎራ በሉ። ግጥሙን ለጊዜው ተዉት፤ የማሲንቆ መቺውን ጣት ተመልከቱ። ጣቱ ይንሸራተታል። የሚወጣው ድምፅ በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል ይወድቃል፤ በተለይ አንቺሆዬ ቅኝት ላይ። ፒያኖ ያንን አያወጣውም። ሳክስ ግን ያወጣዋል፤ ጣታችሁን ሳታነሡ የታችኛውን ከንፈር ላላ ብታደርጉ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ጠበቅ ብታደርጉ ይመለሳል። ሰውነቱ ነሐስ ነው እንጂ ድምፁ የሚነሣው ከቀጭን የሸምበቆ ስንጥር ነው። ከዋሽንት ጋር ዘመድ ነን ማለት ነው። (የጣና ደንገል ለሪድ ይሆናል ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ እሱ ለታንኳ ነው።)

ስለዚህ ድርሰት የምትሞክሩ ልጆች፣ ለሳክስፎን ጻፉልን። ሲምፎኒ አላልኩም። ለአንድ ሳክስና ለአንድ ማሲንቆ የሚሆን ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ነፊዎችም አትፈሩ፤ ደራሲ ስታገኙ ያዙት፣ ሻይ ጋብዙት፣ እስኪሰለቸው ጠይቁት። ሲጽፍ አጠገቡ ቁጭ በሉና ነፍታችሁ አሳዩት። የት ጋ ትንፋሽ እንደሚያልቅ በወረቀት ላይ አይታይም።

እኔም ጻፉ ብዬ ዞር አልልም። የጻፈ ሁሉ ኖታውን ይዞልኝ ይምጣ፤ እነፋለሁ፣ የማይሆነውንም እነግረዋለሁ። ለአልቶ ሳክስ ስትጽፉ መሣሪያው ኢ ፍላት መሆኑን፣ ማለትም የተጻፈለት ዶ ሲነፋ ኢ ፍላት ሆኖ እንደሚሰማ፣ አትርሱ። ብትረሱትም ግድ የለም አምጡት፣ ቶኑን እኔ እቀይረዋለሁ።

አመሰግናለሁ።